አንገቴና የጁምዓው ሳሙና

በእኛ ቤት ሆስፒታል የሚኬደው ታጥቦ ነው። እናቴ የታመመ ሰው ምንም ቢያቃስት፣ ገላውን ሳይታጠብና ጥፍሩን ሳይቆረጥ ከደጅ አታስወጣውም። «ሐኪሙ የሚያየው አንተን አይደለም፣ የመጣህበትን ቤት ነው» ትላለች። አንድ ጊዜ አባቴ ከሱቁ መሰላል ላይ ወድቆ ጎኑን ሲሰበር፣ እግሩን በሙቅ ውሃ አሽታ ንጹሕ ካልሲ እስክታለብሰው ድረስ ጋሪው በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። አባቴ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። እኔ ግን በልጅነቴም ዝም የምል አልነበርሁም፤ «ጎኑ ነው የተሰበረው፣ እግሩን ምን አገባሽ?» ብዬ በጥፊ ተመታሁ። ያን ልማድ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠላሁት። ካደግሁ በኋላ እኔንም ሊያጠፋኝ እንደሚደርስ ግን አላወቅሁም።

ቤታችን ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ነበር። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አባቱም አያቱም እንደዚያው። በደርግ ዘመን መደርደሪያው ላይ ከአቡጀዲና ከካኪ ሌላ ብዙ የሚታይ ስላልነበረ፣ አባቴ ቀኑን ሙሉ መቀሱን ሲስል ይውላል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀመጥሁ። ሥራ የሌላት ልጅ በእኛ ሰፈር ተቀመጠች ይባላል እንጂ አትቀመጥም፤ ትጠበቃለች። ስትወጣ «ወዴት?» ስትገባ «ከየት?» ስትስቅ «ምን አገኘች?» ስትቆጣ «ባል አምሯት ነው» ትባላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሰው በልቤ ስሳደብ ኖርሁ ማለት ይቀላል።

ከዚያ በፊት አንድ ክረምት ለመሠረተ ትምህርት አይከል ዘምቼ ነበር። እህል ማከማቻ ቤት ውስጥ፣ ጆንያ ላይ የተቀመጡ ገበሬዎችን ፊደል አስቆጠርሁ። አንድ ጢሙ የሸበተ ሽማግሌ፣ አያ እያልሁ የምጠራው፣ ጠመኔውን እንደ ዱላ ጨብጦ፣ «ምነው አንቺ ልጅ ትቸኩያለሽ? ፊደሉ ይሸሻል እንዴ?» ይለኝ ነበር። እኔም «እርስዎ ነዎት የሚሸሹት፣ ትናንትና የት ነበሩ?» እለዋለሁ። ይስቃል። በሕይወቴ ሰው ንግግሬን ሰምቶ ሳይቆጣ የሳቀው እዚያ ብቻ ነው። ክረምቱ አልቆ ወደ ጎንደር ስመለስ፣ ከእንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ ተዘግቼ እንደማልኖር ቆርጬ ነበር የመጣሁት።

ስለዚህ ስሜ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጦ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ፣ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ማሠልጠኛው ሌላ ክፍለ ሀገር ነው። አልጋው እዚያ፣ ምግቡ እዚያ፣ ከዚያም ወደ ተመደቡበት። ያቺ አንዲት ቦታ ለኔ ከቤት መውጫ በር ነበረች፤ ሌላ በር አልነበረኝም።

ቅጹን ልሞላ ረቡዕ ዕለት ገባሁ። የመልማይ ኮሚቴው ጸሐፊ ካኪ ለባሽ፣ እስክሪብቶ በሁለት ኪሱ የሰካ ሰውዬ ነው። ቅጹን ሳያይ አንገቴን አየ።

«ጓዲት፣ አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ቆዳ።»

«የምጠይቅሽን መልሺ! ነጩን ነው የምልሽ።»

ከአይከል ከተመለስሁ ወዲህ አንገቴ ላይ፣ ከጆሮዬ ሥር እስከ ደረቴ፣ አመድ የረጩብኝ የሚመስል ነጠብጣብ ወጥቶብኝ ነበር። አያሳክክም፣ አያምምም። እኔ ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም።

«አላውቅም» አልሁት። «ይጠፋል።»

«እንዲህ ያለ ነገር ያለባትን መምህርት አልልክም። ሕፃናት ይፈራሉ። ወላጅ ልጁን ቆማጣ ፊት ያስቀመጠ ይመስለዋል።»

«እኔ ቆማጣ አይደለሁም።»

«ይህን የምትናገሪው አንቺ አይደለሽም፣ ወረቀት ነው። ከሆስፒታል የቆዳ ምርመራ ይዘሽ ነይ። እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ። ከዚያ በኋላ ስምሽን ሰርዤ ተጠባባቂዋን አስገባለሁ።» ይህን ብሎ ቅጹን በእስክሪብቶው ጫፍ ገፍቶ መለሰልኝ፤ በእጁ አልነካውም።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። እንዴት እንደደረሰ አሁንም ይገርመኛል። ከጎረቤት የምትኖር የሴቶች ማኅበር ሰው ነበረች፤ ስብሰባ ላይ ስለ እኩልነት ስትናገር ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ነው። በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ከሰዓት፣ ስኳር ልዋስ ቤቷ ስገባ፣ ሁልጊዜ የምጠጣበትን ብርጭቆ ትታ ጠርዙ የተላጠ የቆርቆሮ ኩባያ አውጥታ ውሃ ሰጠችኝ። እጄን ዘርግቼ ብርጭቆዬን ከመደርደሪያዋ አነሳሁና ውሃውን ገልብጬ ጠጣሁበት።

«ኧረ ተይ! ምን ያለችው ባለጌ ናት!» አለች።

«በስብሰባ ላይ እንዲህ ብለሽ ተናገሪ» ብያት ወጣሁ። ስኳሩን ረሳሁት።

ተከትላኝ እናቴ ዘንድ መጣች። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። «እህቴዋ፣ ለክፋት አይደለም። ለምጽ የቤት ነው ይባላል። ከማን ወረደ? ባባቷ ወገን ነው ባንቺ ወገን?»

እናቴ ምንም ነገር ቶሎ የምትመልስ ሴት አይደለችም። ያን ቀን ግን ጥያቄው ሳያልቅ፣ «በኛ ዘር የለም! ወላሂ የለም! ከአይከል ያመጣችው ነው፣ ከሰው ጋር ምንጣፍ ተጋርታ» አለች። ጓዳ ውስጥ ሆኜ ደሜ ፈላ። አይከል የተወለድሁበት አገር ሆኖ ሳይሆን፣ በሕይወቴ ደስ ያለኝን አንድ ክረምት ለጎረቤት አፍ ስላወረደችው። ለምን እንደዚያ እንደቸኮለች አልጠየቅሁም። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ነበር የተናገረችው።

ስለ እጆቿ መናገር አለብኝ። የእናቴን እጅ ያለ ሂና አይቼው አላውቅም። ሰው ለሠርግና ለዒድ የሚቀባውን እሷ ዓመት ዙር፣ ከጣቶቿ ጫፍ እስከ አምባር ማሰሪያዋ ድረስ፣ ሳይደበዝዝ ታድሰዋለች። በሯን ዘግታ ለብቻዋ ነው የምትቀባው። የሰፈሩ ሴቶች «የማታረጅ ሙሽራ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ትስቃለች። እኔ ቅንጦት ይመስለኝ ነበር፤ በዚህም ጠላኋት።

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ልሄድ ስነሳ፣ ውሃው ሞቆ ጠበቀኝ።

«ትናንትና ታጥቤያለሁ» አልሁ።

«ለሐኪም ነው የምትሄጂ። ቁጭ በይ።»

የገላ ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል። ስለዚህ ምን አደረገች? የአባቴን የጁምዓ ጀለብያ ብቻ የምታጥብበትን የዱቄት ሳሙና ከሣጥኗ አወጣች። ያን ሳሙና እንኳንስ ለኔ አንገት፣ ለራሷ ነጠላም አትነካውም ነበር። በእፍኟ አቡክታ እንደ ሊጥ አድርጋ፣ በየነጠብጣቡ ላይ እየለጠፈች በአሸዋ እንደሚፈገፈግ ድስት ፈገፈገችኝ።

«እማ፣ ቆዳዬ ነው!»

«ይልቀቅ! ይልቀቅ አልሁ!» ትላለች። ለኔ አልነበረም የምትናገረው። የተረፈውን ሊጥ «ይሥራ» ብላ ነጠብጣቡ ላይ እንዲደርቅ ተወችው፣ ከላይ በቫዝሊን አበሰችው። ነጭ ሻሽም አሰረችልኝ፤ እሱም በዚያው ሳሙና የታጠበ። አንገቴ እየነደደ ሄድሁ።

የቆዳው ክፍል ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ሞልቷል። ሁሉም እንደኔ ተፈግፍጎ የመጣ ነው፤ ፀጉሩ ገና ያልደረቀም ነበር። የሚመረምረው ጤና ረዳት ነው፤ ሰው ሁሉ ግን «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም አያርምም። ተራዬ ሲደርስ ወደ ጠባብ ክፍል አስገባኝና በሩን ዘጋ። መስኮቱ በወታደር ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ከጠረጴዛው ላይ እጀታ ያለው፣ ፊቱ ላይ የቀለም ጠርሙስ ቂጥ የመሰለ ጥቁር መስታወት የገባለት መሣሪያ አነሳ።

«ይወጋል?» አልሁት።

«መብራት ይወጋል እንዴ? መርፌ የለው፣ ቢላ የለው። ይታያል፣ ይታወቃል። አንገትሽን ክፈቺ፣ ዝም በይ።»

የክፍሉን አምፖል አጠፋ። መሣሪያው እንደ ንብ እምም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሐምራዊ ብርሃን፣ ብርሃን ሊባል የማይችል የደከመ ነገር፣ መጣ። ጤና ረዳቱ ወደ አንገቴ አስጠጋውና ምላሱን ጠቅ አደረገ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለች ትንሽ መስታወት ራሴን አየሁ። ነጠብጣቦቼ በጨለማው ውስጥ ሰማያዊ ነጭ ሆነው ቦግ ብለዋል። ደነገጥሁ፤ አልዋሽም። በቀን የማይታዩት ሁሉ ተቆጥረው የወጡ መሰለኝ።

«በቃ» አለ። «ለምጽ እንዲህ ነው የሚያበራ። ቀለሙ የሞተ ቆዳ ነው። ምንም አይደረግለትም።»

ምንም አይደረግለትም። ያቺ በር፣ ያቺ አንዲት በር፣ ፊቴ ላይ ተዘጋች። አንገቴን ላለማየት ዓይኔን ከመስታወቱ አዞርሁ። ያኔ ነው የሰውዬውን ጋዎን ያየሁት። ጋዎኑም በዚያው ሰማያዊ ነጭ ቦግ ብሏል። የሻሼ ጠርዝም። ጥርሱም ሲናገር ያበራል፤ የሚያስጠላ ነገር ነበር። የሱ አንገት ግን ጨለማ ነው፤ የኔም ሻሽ፣ የሱም ጋዎን፣ የኔም ነጠብጣብ አንድ ዓይነት። አንድ ሳሙና።

«ጋሼ» አልሁት፣ «ጋዎንዎንም ለምጽ ይዞታል።»

«ምን አልሽ?»

«ይዩታ! እኩል ነው የሚያበራው። እናቴ አንገቴ ላይ የልብስ ሳሙና ለጥፋብኛለች። የሚያበራው ሳሙናው ነው።»

አምፖሉን አበራው። ፊቱ ጠቁሯል። «ስንት ዓመት የሠራሁበትን አንቺ ታስተምሪኛለሽ?»

ሊያስወጣኝ በሩን ሲከፍት፣ ከበሩ ጀርባ በእንግሊዝኛ በመኪና የተጻፈ፣ ዳር ዳሩ የበለዘ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። እንግሊዝኛዬ ለንግግር ሰንካላ ቢሆንም ለማንበብ ያደርሳል። መብራቱን ከመጠቀም በፊት ታማሚው የሚታየውን ቦታ ለቀናት እንዳይታጠብና ምንም ቅባት እንዳይቀባ ይንገሩት ይላል። ሳሙናና ቅባት ራሳቸው ያበራሉ፤ መታጠብ ደግሞ አንዳንዱን በሽታ ደብቆ ያሳልፈዋል።

«ይኸ ወረቀት ምን ይላል?» አልሁት።

«ውጪ!»

«አንብበውት ያውቃሉ?»

ወረቀቴ ላይ «ለምጽ» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ደረቴ ላይ ወረወረልኝ። ያን ወረቀት ጸሐፊው ዘንድ አላደረስሁትም። አጥፌ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትሁትና ቤት ገባሁ፤ ለእናቴም እንዲህ አልኋት፦ «እስከ ሐሙስ አንገቴን ውሃ አይነካውም።»

ያ ሳምንት በቤታችን ጦርነት ነበር። ለሶላት ፊቴን፣ እጄን፣ እግሬን ታጠብሁ። ከአገጬ በታች ግን ጠብታ አላስነካሁም። እናቴ ሐሙስ ማታ ተቆጣች፣ ዓርብ ጠዋት ለመነች፣ የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ አለቀሰች።

«ገላሽን ሳትታጠቢ ጁምዓ ሊያልፍ? የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«ያንቺ። በሳሙና ያሳበጥሽኝ ልጅ።»

«ለማን ብዬ ነው ያጠብሁሽ? ለማን?»

«ለጎረቤት!» አልኋት። «ለጎረቤት ብለሽ ነው! ሁሉን ነገር ለጎረቤት ነው የምታደርጊ፣ እጅሽን እንኳ ለጎረቤት ነው የምትቀቢው!»

ይህን ስላት ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ቁጣ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሌላ ነገር እንደነበር ያወቅሁት ሐሙስ ነው። አባቴ መሐል ሊገባ፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች...» ብሎ ጀመረና፣ ሁለታችንም ዘወር ብለን ስናየው ወደ ሱቁ ሄደ።

የሴቶች ማኅበሯ ጎረቤታችን በበራችን ስታልፍ አፍንጫዋን በነጠላዋ ትይዛለች። እኔም እንዲሸታት ብዬ ወደ አጥሩ እጠጋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሰኞ በኋላ ራሴንም ሸተተኝ።

ሐሙስ ማለዳ እናቴ «አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች። «እንዲህ ሆነሽ ብቻሽን ሰው ቢያይሽ እናት የላትም ይላል።» አልከለከልኋትም፤ ሁለት ክንድ ርቀት እየሄደች ተከተለችኝ።

ጤና ረዳቱ ገና ሲያየኝ፣ «የተጻፈ ተጽፏል» አለ። «ደግሜ አላይም። ቀጣይ!»

ከበሩ አልተነቃነቅሁም። ክፍት ስለነበር መዝጊያውን ወደ ውጭ አዞርሁና ከጀርባው ያለውን ወረቀት ጮክ ብዬ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁት። መምህር ልሆን አልነበር? አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ እንደ አይከሉ ክፍል አደረግሁት። «ከመምጣታችሁ በፊት መታጠብ የለባችሁም ይላል! ቅባትም የለም! የታጠበ ሰው መብራቱ ይዋሽበታል ይላል!»

አንድ ጋቢ የለበሰ ገበሬ ብድግ አለ። «ምን አልሽ ልጄ? አይታጠብም? እኔስ ከኮሶዬ ስመጣ ንጋት ላይ ወንዝ ገብቼ ነው! በዚያ ብርድ! ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ!»

«እኔም በእንዶድ ፈግፍጌው ነው» አለች ከጎኑ ያለች ሴት።

«እኔ ቅቤ ተቀብቻለሁ፣ ቅቤም አይሆንም?»

«ምነው ታዲያ አልነገርኸን፣ አንተ ሰው?» አለ የኮሶዬው። «ዶክተር ነኝ ትላለህ፣ በርህ ላይ ያለውን አታነብም?»

የጤና ረዳቱ ጆሮ ቀላ። እጄን አልያዘም፣ ሻሼን ጎትቶ ወደ ውስጥ አስገባኝ። እናቴም ተከትላ ገባች። «እርስዎ ውጭ ይቆዩ» ሲላት፣ «ልጄ ናት» አለችው። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ግን ከበሩ ሥር የሚያነቃንቃት አልነበረም።

አምፖሉ ጠፋ። መሣሪያው እምም አለ። ፀጉሬ ወፍራም ነው፤ አንገቴ ላይ ወረደ። እናቴ ከኋላዬ መጥታ፣ ሳትጠየቅ፣ በእጇ ሰብስባ ወደ ላይ አነሳችልኝ።

መብራቱ መጣ። በመስታወቱ አየሁ። በዚያኛው ሐሙስ ሰማያዊ ነጭ ያበራው ነጠብጣብ፣ አሁን ቢጫ ሆኗል። ደብዛዛ፣ እርድ የነካው ጨርቅ የመሰለ ቢጫ። ጋዎኑ እንደ ድሮው ሰማያዊ ነው። ሁለቱ አይመሳሰሉም።

«ቋቁቻ ነው» አለ ጤና ረዳቱ፣ ጥርሱን እያበራ፣ የሰው ሞት እንደሚያረዳ። «ተራ ቋቁቻ። በድኝ ቅባት ይጠፋል።»

ልጮህ አፌን ከፈትሁ። ምን ልል እንደነበር አሁንም አስታውሳለሁ፤ ለእናቴ «አየሽ?» ልላት ነበር። በዚያው ቅጽበት ግን በመስታወቱ ውስጥ፣ ከራሴ በላይ፣ እጇን አየሁት። ሂናው ያለበት ሁሉ በጨለማው ውስጥ ጠፍቷል፤ እጅ የለም። ሂናው ካለቀበት፣ ከአምባር ማሰሪያዋ በላይ ግን፣ ዳሩ እንደ ተቀደደ ወረቀት የተንጨበረረ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነጭ ነገር ወደ ክንዷ ወጥቷል። የሳሙና አይመስልም፤ ሳሙና እንደዚያ ቅርጽ የለውም። በቀን ብርሃን እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይቼ አላውቅም ነበር። እሷም ያየችው አሁን ነው መሰለኝ።

ጤና ረዳቱም አየ። መብራቱን ወደ ላይ አነሳው። «እናት፣ እርስዎም እስቲ ይታዩ...»

እጇን አወረደችው። ፀጉሬ አንገቴ ላይ ወደቀ። «እኔ ጤነኛ ነኝ» አለች። «የልጄን ጻፍ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምለው ነገር እያለኝ ዝም አልሁ፤ ደስም አላለኝም። ጤና ረዳቱ በአዲስ ወረቀት ላይ «ቋቁቻ፣ ለሥራ አያግድም» ብሎ ጻፈ። የድሮውን ከጡት መያዣዬ አውጥቼ ስሰጠው እንኳ ስሕተት ነበር አላለም፤ ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። በበሩ ስንወጣ የኮሶዬው ገበሬ፣ «እንዴት ሆነ?» አለኝ። «ሂዱና ቆሽሸው ይምጡ» አልሁት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

በመንገድ ላይ ሁለቱ ክንድ ርቀት ቀረ፤ ከጎኔ ሄደች፣ እጆቿን ከነጠላዋ ሥር አድርጋ።

ዓርብ ጠዋት፣ አሁንም ሳልታጠብ፣ ጸሐፊው ዘንድ ገባሁ። እሱ ባያምንና መልሶ ቢልከኝ ብዬ ነው ያልታጠብሁት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። አነበበው፣ ገለበጠው፣ ማኅተሙን በመስኮቱ ብርሃን አየው። ከዚያ አፍንጫውን አኮማተረ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ማስረጃው ነው፣ ጓድ።»

«መምህርት ንጹሕ መሆን አለባት» አለ።

«ማኅተምዎን ያሳርፉና እታጠባለሁ።»

አሳረፈ። እኔን ለማባረር ብሎ ይሁን ወረቀቱን አምኖ፣ ግድ የለኝም። ስሜ ላይ ምልክት ሲያደርግ ዓይኔን ከእስክሪብቶው አላነሳሁም። ማክሰኞ ነው የምትሄጂው አለኝ፤ ሻንጣ አንድ፣ ብርድ ልብስ አንድ።

ቤት ስገባ አባቴ ለጁምዓ ሄዷል። እናቴ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ውሃ ጥዳለች፤ ከጎኗ በሣህን የተበጠበጠ ሂና አለ። የጓዳዋ በር ክፍት ነው፤ አልተዘጋባትም።

«ሆነ?» አለች።

«ሆነ። ማክሰኞ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ሣህኑን ወደኔ ገፋችው። ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የጣቶቿ ጫፍ ሂናው ሳስቶ፣ ሥሩ ያለው ነጭ ይታያል፤ ሁሉም ነጭ፣ እስከ አምባሯ። «ግራዬን ጨርሻለሁ። ይቺን ከፍ አድርጊያት። እስከ ክርኔ።»

እንጨቷን አነሳሁ። አቀባቤ ሸጋ አልነበረም፤ ተናድጃለሁ፣ እጄም ይቸኩላል።

«ስንት ዓመት ሆነው?» አልኋት።

«አንቺን ሳልወልድ።»

«እና እኔን እንደዚያ በሳሙና...»

«የኔው የወረደብሽ መስሎኝ ነዋ! ሳያድር ልፈገፍገው ብዬ ነዋ!»

«አይፈገፈግም።»

«አውቃለሁ። ራሴ ላይ ሞክሬዋለሁ።»

ሂናው ክንዷ ላይ ወረደ፤ በጣቴ ጠረግሁት። ትንሽ ቀባሁ። ከዚያ፣ መጠየቅ ስለማልተው፣ «አባ ያውቃል?» አልኋት።

«አባትሽ ሂና ይወዳል» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ይቅር አላልኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ወደ ክርኗ ስደርስ ክንዷን አዟዟረችና፣ የሳትሁትን በአገጯ አሳየችኝ፤ እሱንም ሞላሁት።

«አሁን ተነሺና ታጠቢ» አለች። «ትሸቻለሽ።»